የጎብኚ ንድፍና በፕሮግራም ጽሑፍ ላይ የሚያርፉ ምልክቶች

(በመቀሌ፣ እንዳ ኢየሱስ፣ ለመሐንዲሶች የቀረበ ንግግር)



የፕሮግራም ጽሑፍ ሁለት ዐይነት አንባቢ አለው። አንዱ ጽሑፉን ወደ ኮምፒዩተር ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር ነው። ሁለተኛው ከዓመታት በኋላ ያንኑ ጽሑፍ ሊያርም ወይም ሊያሻሽል የሚቀመጠው ሰው ነው። ለመጀመሪያው አንባቢ ትእዛዙ ብቻ ይበቃዋል፤ ሁለተኛው ግን ከትእዛዙ በስተጀርባ ያለውን ሐሳብ ማወቅ ይፈልጋል። «ይህ ቁጥር በኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠር የተጻፈ ነው»፣ «ይህ መረጃ የተማሪው ምስጢር ስለሆነ በማንኛውም ሪፖርት ላይ እንዳይወጣ»፣ «ይህ ሥራ ያለ ገንዘብ ያዡ ፈቃድ አይከናወንም» የሚሉት ቁም ነገሮች ከትእዛዙ ውስጥ ወዲያው አይነበቡም። ጸሐፊው በልቡ ይዟቸው ከመሥሪያ ቤቱ ከተሰናበተ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። የዚህ ንግግር ርእሰ ጉዳይ እንዲህ ያለውን ሐሳብ በጽሑፉ ላይ በምልክት አድርጎ የማኖር ዘዴና ምልክቱን እየዞረ የሚያነብ መርማሪ አሠራር ነው።

በቀድሞው ልማድ ፕሮግራመሮች ሐሳባቸውን የሚገልጹት ከትእዛዙ ጎን በሚጽፉት ተራ ማስታወሻ ነበር። ተራ ማስታወሻ ለሰው ጠቃሚ ቢሆንም ኮምፓይለሩ ዘልሎት ያልፋል፤ እውነት ይሁን ሐሰት፣ ጊዜው ያለፈበት ይሁን ትክክለኛ አይመረምረውም። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ጃቫ 5 ባለሙያዎች አኖቴሽን የሚሉትን፣ በዚህ ንግግር ምልክት እየተባለ የሚጠራውን ነገር የቋንቋው ሕጋዊ ክፍል አደረገው። ምልክት እንደ ተራ ማስታወሻ በዘፈቀደ የሚጻፍ ሳይሆን ስሙ፣ ይዘቱና የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ የሚደነገግ ነው። በክላስ ላይ፣ በሜተድ ላይ፣ በፊልድ ላይ ወይም በሌላ የጽሑፉ አካል ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ዕድሜውም ይወሰናል፤ በምንጩ ጽሑፍ ላይ ብቻ የሚቀር፣ እስከ ተተረጐመው ፋይል የሚዘልቅ ወይም ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜ ጭምር የሚነበብ ሊሆን ይችላል።

በተራ ማስታወሻና በምልክት መካከል ያለውን ልዩነት የአማርኛ ጸሐፊ ከማንም ይበልጥ ሊረዳው ይችላል። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ከተመዘገበ ወዲህ የጃቫ ቋንቋም ያንኑ መዝገብ ስለተቀበለ፣ ለምልክት የአማርኛ ስም መስጠት ይቻላል። ይሁን እንጂ በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ሲሆኑ በኮምፒዩተር ዘንድ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንዱ ፕሮግራመር «ምስጢር»፣ ሌላው «ምሥጢር»፣ ሦስተኛው «ሚስጥር» ብሎ ቢጽፍ፣ በተራ ማስታወሻ ከሆነ ሰው ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፤ በፊደል የሚፈልግ መሣሪያ ግን ሁለቱን ሳያገኝ ይቀራል፤ አለማግኘቱንም አይናገርም። በምልክት ከሆነ ግን ያልተደነገገ ስም የጻፈውን ፕሮግራመር ኮምፓይለሩ እዚያው ያስቆመዋል። ስሕተት በጊዜው ጮኾ መታየቱ ራሱን የቻለ ትልቅ ጥቅም ነው።

ምልክት በራሱ ምንም አይሠራም። በቤት በር ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ቤቱን እንደማይጠብቅ ሁሉ፣ በፊልድ ላይ የተጻፈ ምልክትም ፊልዱን አይጠብቅም። እየዞረ የሚያነበውና ሕጉ መከበሩን የሚያረጋግጥ መርማሪ ያስፈልገዋል። በጃቫ 5 ዘመን ይህ ሥራ ከኮምፓይለሩ ውጪ በነበረ ልዩ መሣሪያ ይከናወን ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው ጃቫ 6 ግን የምልክት መርማሪ በኮምፓይለሩ ውስጥ ገብቶ እንዲሠራ ወጥ ደንብ ወጣለት። ኮምፓይለሩ የጽሑፉን አካላት በዛፍ መልክ አዘጋጅቶ ለመርማሪው ያቀርባል፤ መርማሪው ስሕተት ቢያገኝ ያስታውቃል፤ ከተፈለገም አዲስ ፋይል ያወጣል። አዲስ የወጣው ፋይል ደግሞ በሚቀጥለው ዙር ይመረመራል፤ ዙሩም አዲስ ፋይል እስኪታጣ ድረስ ይቀጥላል። ደንቡ ለመርማሪው አዲስ ፋይል መጻፍን እንጂ ሰው የጻፈውን ፋይል መለወጥን አልፈቀደለትም።

እዚህ ላይ የንድፍ ጥያቄ ይነሣል። የዛፉ አካላት ብዙ ዐይነት ናቸው፤ ፓኬጅ፣ ክላስ፣ ሜተድ፣ ፊልድ፣ የሜተድ ግብአትና ሌሎችም አሉ። በእነዚህ ላይ የሚሠሩት ሥራዎችም ብዙ ናቸው። አንዱ ምስጢርን ይጠብቃል፣ ሁለተኛው የዘመን አቈጣጠርን ያረጋግጣል፣ ሦስተኛው ሰነድ ያዘጋጃል። እያንዳንዱን ሥራ በእያንዳንዱ አካል ውስጥ ማስገባት ዛፉን ያጨናንቀዋል፤ ከዚህም በላይ ዛፉ የኮምፓይለሩ ንብረት ስለሆነ ማንም ፕሮግራመር እየገባ ሊጨምርበት አይችልም። ለዚህ ችግር የታወቀው መፍትሔ ቪዚተር ፓተርን፣ በአማርኛ የጎብኚ ንድፍ የሚባለው ነው። ንድፉ በሰፊው የታወቀው ኤሪክ ጋማ፣ ሪቻርድ ሄልም፣ ራልፍ ጆንሰንና ጆን ቭሊሲደስ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጡትና 23 የንድፍ ዐይነቶችን በዘረዘሩበት መጽሐፍ ነው።

አሠራሩን ለማስረዳት ከኢትዮጵያ የገጠር ቀበሌ የተሻለ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ያሉት ቤቶች በየቦታቸው ይኖራሉ፤ ጎብኚዎቹ ግን ይለዋወጣሉ። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም የተመደበችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ትጠይቃለች። የግብርና ልማት ሠራተኛው ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ይጠይቃል። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. የተካሄዱት የሕዝብና ቤት ቈጠራዎች ቈጣሪዎችም የነዋሪውን ቍጥር ጠይቀው መዝግበዋል። ቤቱ ለእያንዳንዱ ጎብኚ ሲባል አልፈረሰም፣ አልተሠራም፤ የሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በሩን ከፍቶ መቀበል ነው።

በጎብኚ ንድፍም እያንዳንዱ የዛፉ አካል «አክሴፕት» የምትባል አንዲት የመቀበያ ሜተድ አለችው። ጎብኚው ደጅ ሲቆም አካሉ ተቀብሎት ምን ዐይነት እንደሆነ ራሱ ይነግረዋል። ክላስ ከሆነ ጎብኚው ለክላስ ያዘጋጀውን ሜተድ፣ ፊልድ ከሆነ ለፊልድ ያዘጋጀውን ሜተድ ይጠራለታል። በመሆኑም የሚሠራው ሥራ የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ በተቀባዩ ዐይነትና በጎብኚው ማንነት። አዲስ ሥራ ሲያስፈልግ አዲስ ጎብኚ ይጻፋል እንጂ ዛፉ አይነካም።

«ጎብኚው ራሱ ዐይቶ ዐይነቱን ቢለይስ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በጃቫ «ኢንስታንስ ኦፍ» በተባለው ጥያቄ አንድን አካል «አንተ ክላስ ነህን? ፊልድ ነህን?» እያሉ መጠየቅ ይቻላል። ነገር ግን የጃቫ ደንብ ራሱ ይህ መንገድ ለእነዚህ አካላት አስተማማኝ እንዳልሆነ ያስጠነቅቃል። ምክንያቱም የኮምፓይለሩ አዘጋጅ አንድን ነገር የብዙ ዐይነቶች መልክ አልብሶ ሊያቀርበው ይፈቀድለታል። በመቀሌ ከተማ በስተፊቱ ሱቅ፣ በስተኋላው መኖሪያ የሆነ ቤት እንደሚገኝ ሁሉ ማለት ነው። ከውጪ ዐይቶ «ሱቅ ነው» ብሎ የሚያልፍ ቈጣሪ ከኋላ ያለውን ቤተሰብ ሳይቈጥር ይቀራል። ባለቤቱን የሚጠይቅ ግን አይሳሳትም።

ይሁንና የጎብኚ ንድፍ ዋጋ ሳያስከፍል የሚገኝ አይደለም። አዲስ ሥራ መጨመርን ቀላል ሲያደርግ፣ አዲስ የአካል ዐይነት መጨመርን ከባድ ያደርገዋል። አዲስ ዐይነት በመጣ ቍጥር ቀድሞ የተጻፈ ጎብኚ ሁሉ ስለ እርሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ፊሊፕ ዋድለር በ1998 እ.ኤ.አ. «የኤክስፕሬሽን ችግር» ብሎ የሰየመው የዚህ ዐይነቱን አጣብቂኝ ነው። የጃቫ ቋንቋ ደግሞ በአንድ ቦታ አልቆመም፤ ጃቫ 9 ሞጁልን፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ጃቫ 16 ደግሞ ሪኮርድን በቋሚነት ጨምሯል። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ጎብኚው የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ዘልሎ ያልፋልን? ወይስ ቆሞ «ይህን አላውቀውም» ይላል?

ነገሩ ተራ የቃላት ክርክር እንዳልሆነ በአንድ ምሳሌ ማሳየት ይቻላል። የአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች መዝገብ በጃቫ ተጽፏል እንበል። የተማሪው የሕክምና ሁኔታ የተመዘገበበት ፊልድ «ምስጢር» የሚል ምልክት አርፎበታል። መርማሪውም አንድ ሕግ ተሰጥቶታል፤ «ምስጢር የተባለ ፊልድ ሁሉ ፕራይቬት፣ ማለትም ከውጪ የማይነካ ይሁን» የሚል ነው። ሕጉ ለዓመታት በደንብ ሠራ። ከዚያም አንድ ትጉህ ፕሮግራመር ጽሑፉን ለማሳጠር ሲል ክላሱን ወደ ሪኮርድ ለወጠው።

በሪኮርድ ውስጥ ፊልዱ ምንጊዜም ፕራይቬት ነው። ስለዚህ መርማሪው ፊልዱን ብቻ ዐይቶ «ሕጉ ተከብሯል» ይላል። ነገር ግን ሪኮርድ በባሕርዩ ለእያንዳንዱ ይዘት ማንም ሊጠራው የሚችል የማንበቢያ ሜተድ ያወጣል። ከዚህም በላይ ሪኮርዱ በጽሑፍ መልክ እንዲታይ ሲታዘዝ፣ የሚከለክለው ካልተጻፈ በቀር፣ ይዘቶቹን በሙሉ ዘርዝሮ ያወጣል። በመሆኑም የተማሪው የሕክምና ሁኔታ በፕሮግራሙ የዕለት መዝገብ ላይ ተጽፎ ሊገኝ ነው። ምልክቱ በቦታው አለ፤ መርማሪውም ሥራውን ሠርቷል፤ ምስጢሩ ግን ወጥቷል። በዚህ የሚጎዳው ፕሮግራመሩ ሳይሆን ስለ ጃቫ ሰምቶ የማያውቀው ተማሪ ነው።

አሁን ሁለት መርማሪዎችን ማነጻጸር ይገባል። አንደኛው «ክላስ ከሆነ ይህን አድርግ፣ ፊልድ ከሆነ ያን አድርግ፣ ሌላ ከሆነ ዝም በል» በሚል የጥያቄ ሰንሰለት የተጻፈ ነው። ይህ መርማሪ የሪኮርድ ይዘት ሲገጥመው ዝም ብሎ ያልፋል። ሁለተኛው በጃቫ 6 ዘመን በቀረበው «ኤለመንት ስካነር 6» በተባለው የጎብኚ መሠረት ላይ የተጻፈና ክላሱን ከነውስጡ የሚዞር ነው። ይህኛው የሪኮርድ ይዘት ሲገጥመው «ያልታወቀ አካል» የሚል ስሕተት አውጥቶ ሥራውን ያስቆማል። ፕሮግራመሩ በዚያ ቀን ይበሳጭ ይሆናል፤ ነገር ግን የሚገባው ማስጠንቀቂያ በጊዜው ደርሶታል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና ግን የባሰ ነው። የተበሳጨው ፕሮግራመር ፈጥኖ የሚያገኘው መድኃኒት የመሠረቱን ስም ከ6 ወደ 14 መለወጥ ነው። «ኤለመንት ስካነር 14» የሪኮርድ ይዘትን ስለሚያውቅ ስሕተቱ ወዲያው ይጠፋል። ነገር ግን መሠረቱ አካሉን ዐወቀው ማለት የመሥሪያ ቤቱ ሕግ ተፈጸመበት ማለት አይደለም፤ ጎብኚው ቤቱ ገብቶ ምንም ሳይጠይቅ ወጥቷል። ደወሉ ጸጥ ብሏል፤ እሳቱ ግን አልጠፋም። ትክክለኛው መድኃኒት ለሪኮርድ ይዘት የሚሆነውን ሜተድ በግልጽ መጻፍ፣ በውስጡም «ምስጢር በሪኮርድ ውስጥ አይቀመጥም» የሚለውን ወይም መሥሪያ ቤቱ የመረጠውን ሌላ ሕግ ማኖር ነው። ምልክቱ ሲደነገግም በፊልድ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ከተወሰነ ከሪኮርዱ ይዘት ላይ አይገኝምና፣ የሚያርፍበት ቦታ አብሮ መታየት አለበት።

በዝምታ የሚፈጸሙ ሌሎች ስሕተቶችም አሉ። አንደኛው ጎብኚው ከግቢው ገብቶ ወደ ቤቱ አለመዝለቁ ነው። በኤለመንት ስካነር ላይ የተጻፈ ጎብኚ የክላስን ሜተድ በራሱ ሲተካ፣ የመሠረቱን ሜተድ መልሶ ካልጠራ በክላሱ ውስጥ ያሉት ሜተዶችና ፊልዶች ሳይጎበኙ ይቀራሉ። የሚጎድለው አንድ መስመር ነው፤ ስሕተት የሚል ቃል ግን የትም አይታይም። ሁለተኛው የደንቡን ወሰን አለማወቅ ነው። የምልክት መርማሪ የሚያየው የተደነገጉትን አካላት እንጂ በሜተዱ ሆድ ውስጥ የተጻፉትን ትእዛዞች አይደለም። በሜተድ ውስጥ በተሰየመ ጊዜያዊ ተለዋዋጭ ላይ ምልክት አኑሮ ይመረመራል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ለዚያ የኮምፓይለሩን ሙሉ ዛፍ የሚያሳየውን ሌላ መሣሪያ መጠቀም ያስፈልጋል፤ እርሱም ቢሆን የሚሠራው በዚሁ በጎብኚ ንድፍ ነው። ሦስተኛው መርማሪውን ከናካቴው አለመጥራት ነው። ቀድሞ ኮምፓይለሩ በመንገዱ ላይ ያገኘውን መርማሪ ሁሉ ሳይታዘዝ ያሠራው ነበር፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ከወጣው ጄዲኬ 23 ጀምሮ ግን በግልጽ ካልታዘዘ አያሠራውም። የቀድሞውን ልማድ ተማምኖ ወደ አዲሱ የተሸጋገረ መሥሪያ ቤት ምልክቶቹ ሁሉ በቦታቸው እያሉ መርማሪ የሌለው ሊሆን ይችላል።

ይህ ንግግር የሚቀርብበት ስፍራ ስለዚህ ነገር የሚናገረው ታሪክ አለው። በ1888 ዓ.ም. በእንዳ ኢየሱስ ጉብታ ላይ በሻለቃ ጋሊያኖ የሚታዘዝ የኢጣሊያ ጦር ምሽግ ነበር። ምሽጉ ጠንካራ ስለነበር በቀጥታ የተሰነዘሩበትን ጥቃቶች መከተ። የውሃው ምንጭ ግን ከግንቡ ውጪ ነበር። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ በተያዘ ጊዜ የግንቡ ጥንካሬ ትርጕም አጣ፤ በምሽጉ የነበረውም ጦር በጥር ወር ምሽጉን ለቅቆ ወጣ። ለመሐንዲስ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በመመርመሪያው ዝርዝር ውስጥ በገባው ሳይሆን ከዝርዝሩ በቀረው ነው። የጎብኚ ንድፍ ትልቁ ጥቅሙም ዝርዝሩን በግልጽ ማስጻፉና ከዝርዝሩ የወጣው ሲገጥመው እንዲናገር ማስቻሉ ነው።

አንዳንድ ባለሙያዎች የጎብኚ ንድፍ ዘመኑ አልፎበታል ይላሉ። ለዚህ አባባላቸው መሠረት አላቸው። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጃቫ 17 ዝርዝራቸው የተዘጋ ዐይነቶችን መደንገግ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው ጃቫ 21 ጀምሮም በዐይነት የሚመርጥ «ስዊች» መጻፍ ተችሏል። አንድ ዐይነት ቢረሳ ኮምፓይለሩ ያስታውሳል፤ ጽሑፉም ከጎብኚ ንድፍ ያጠረ ነው። ፕሮግራመሩ ራሱ ለሚደነግገው ዛፍ ይህ መንገድ የተመረጠ ሊሆን ይችላል። የኮምፓይለሩ አካላት ዛፍ ግን ዝርዝሩ የተዘጋ አይደለም፤ ቋንቋው ባደገ ቍጥር ሊጨመርበት እንዲችል ክፍት ተደርጎ የተተወ ነው። ስለዚህ ምልክትን ለመመርመር የጎብኚ ንድፍ ዛሬም ተገቢ ቦታው ላይ ነው። በስዊች ውስጥ «ሌላ ከሆነ ዝም በል» የሚል መስመር የጻፈ ሰው ደግሞ በአዲሱ መሣሪያ አሮጌውን ስሕተት ደገመው እንጂ አላረመውም።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ በኢትዮጵያ፣ ይልቁንም በመቀሌ፣ ልዩ ክብደት አለው። ከጥቅምት 1913 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት የከተማይቱ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። መስመር በተቋረጠ ጊዜ በሩቅ አገር ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ ሰነድ አይገኝም፤ ጸሐፊውን ጠርቶ መጠየቅም አይቻልም። በጽሑፉ ላይ ያረፈ ምልክትና ከኮምፓይለሩ ጋር በዚያው ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ መርማሪ ግን መስመር አይጠይቁም። መብራት እስካለ ድረስ፣ ጽሑፉን ጽፎት የማያውቅ ሰው እንኳ የቀድሞውን ባለሙያ ማስጠንቀቂያ በኮምፓይለሩ አንደበት ይሰማል። ዕውቀትን ከሰው ትዝታ አውጥቶ በሥራው ላይ ማኖር ማለት ይህ ነው።

በመጨረሻም በየመሥሪያ ቤቱ ሊፈጸሙ የሚችሉ አራት ነገሮችን መጥቀስ ተገቢ ይሆናል። አንደኛ፣ ሕግ የሆነ ሐሳብ ሁሉ በተራ ማስታወሻ ሳይሆን በተደነገገ ምልክት ይጻፍ፤ የስሙም ፊደል አንድ ጊዜ ተወስኖ ይታወቅ። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ጎብኚ የማያውቀው አካል ሲገጥመው ቆሞ እንዲናገር እንጂ ዝም ብሎ እንዲያልፍ አይጻፍ። ሦስተኛ፣ የጎብኚው መሠረት ወደ አዲስ በሚለወጥበት ቀን አዲስ የተጨመሩት አካላት አንድ በአንድ ታይተው ለእያንዳንዳቸው ውሳኔ ይሰጥ። አራተኛ፣ ሆን ተብሎ ሕጉ የተጣሰበት አንድ አነስተኛ የሙከራ ጽሑፍ ይዘጋጅና በየጊዜው ለመርማሪው ይቅረብ፤ መርማሪው ጥሰቱን ካልያዘ ወይ አልተጠራም፣ ወይ ዕውር ሆኗል። ይህ የመጨረሻው የግማሽ ቀን ሥራ ቢሆን ነው። መርማሪ መኖሩን ብቻ ሳይሆን መመርመሩን የሚያረጋግጠው ግን እርሱ ነው።